ጥጃ የለበሰው ካፖርት

ጋሽ ሞላ ማረፋቸውን የሰማሁት አውቶቡስ ውስጥ ሆኜ ነው። ዓባይ ድልድይን ተሻግረን ወደ ደጀን የሚያወጣውን ዳገት ተያይዘነዋል። በዚያ ቆላ ሙቀት መስኮቱን ሁሉ ጥርቅም አድርገን ዘግተን፣ አንዳችን የሌላችንን ትንፋሽ እየተቀባበልን እንጓዛለን። ስልኬ ጮኸ። ቢቸና አብሮን ይሠራ የነበረ ጓደኛዬ ነው። ጋሽ ሞላ ሌሊቱን አረፉ፣ ቀብሩ ነገ ነው አለኝ።

እንባዬ መጣ። አየር ያጠረኝ ስለመሰለኝ መስኮቱን ጣት በሚያህል ገፋ አደረግሁት። ወዲያው ከፊቴም ከኋላዬም፣ በሩ ላይ ከቆመው ረዳት ጭምር፣ «ኧረ ዝጋው፣ ንፋስ ይመታናል» የሚል ድምፅ ተነሣ። ያኔ ሳቄ አመለጠኝ። እንባዬ እየወረደ ከት ብዬ ሳቅሁ። አጠገቤ የተቀመጡት እናት ስልኩን ሰምተው ኖሮ፣ «ልጄን፣ ድንጋጤው ነው» እያሉ ትከሻዬን ያዝ አደረጉኝ። ድንጋጤ አልነበረም። ጋሽ ሞላ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲታገሉት የኖሩት ይህንኑ ነገር መሆኑ ትዝ ብሎኝ ነው።

የእኛ አገር ሰው ብዙ ነገር ይችላል፤ በስንጥቅ የምትገባ ንፋስ ግን አይችልም። ራስ ምታቱ ከንፋስ፣ ወገቡም ከንፋስ፣ ጥርሱም ከንፋስ ነው። ስለዚህ ቤቱን ይዘጋል። የራሱን ከዘጋ በኋላ ለከብቱ አንጀቱ ይራራና የከብቱንም ቤት ይዘጋል። ጭቃውን ይመርጋል፣ ቀዳዳው ላይ ጆንያ ይወትፋል። ላሚቱ በገዛ ሽንቷ ጭስ ታፍና መሳል ስትጀምር ደግሞ፣ ይኸው ንፋስ መታት ብሎ የቀረችውንም ቀዳዳ ይደፍናል። ክፋት የለበትም። እንዲያውም ከብቱን የሚጎዳው ስለሚወደው ነው።

ጋሽ ሞላ የእንስሳት ባለሙያ ነበሩ፤ ሥራቸው ይህን መክፈት ነበር። ከቢቸና እስከ ሞጣ ያላስከፈቱት በረት የለም ብል ብዙ አልዋሸሁም። የራሳቸውን መኝታ ቤት መስኮት ግን አንድም ቀን አላስከፈቱም። ባለቤታቸው እትዬ አለሚቱ እሺ አላሉማ። እትዬ አለሚቱ ባላቸው ስለ ንፋስ የሚሉትን ካለማመናቸው በላይ ደግሞ ሌላ ያላመኗቸው ነገር ነበር፤ የካፖርቱ ነገር። ጋሽ ሞላን በሕይወት ሳሉ የከነከናቸው አንድ ነገር ቢኖር እሱ ነው። ወደ እሱ እመጣለሁ፤ መጀመሪያ ግን ሰውየውን እወቋቸው።

ሥራ የጀመርሁ ዕለት ለሹመት የምሄድ ይመስል አዲስ ሱሪ አድርጌ ነበር። ጋሽ ሞላ ከእግር እስከ ራሴ አዩኝና፣ ና አሉኝ፤ በቢቸና ጫፍ ወዳለ አንድ በረት ወሰዱኝ። ገብተን ላሚቱ የምትተኛበት ቦታ ላይ ስንደርስ ቆሙ፤ ከዚያ ሳይታሰብ በጉልበታቸው ዱብ አሉ። ጸሎት መስሎኝ ቆቤን አወለቅሁ። ቀና ብለው አዩኝና፣ «ምን ትጠብቃለህ? ተንበርከክ እንጂ» አሉ።

በጉልበቴ ወደቅሁ፤ ከስስ ጭዱ ሥር ድንጋይ ነበርና ሕመሙ እስከ ጥርሴ ድረስ ተሰማኝ። «አመመህ?» አሉ። አዎ አልሁ። «ላሚቱንም እንዲያ ያማታል። በቀን ስንት ጊዜ ተኝታ እንደምትነሣ አስበው።» ከዚያ እንደተንበረከክን፣ አንድ ቄስና አንድ ፍየል ያሉበት ረጅም ጨዋታ ነገሩኝ። ጨዋታው ሲያልቅ ጉልበታችንን አየን። ርሶ ነበር። «አየህ፣ ይህ ጭድ ዛሬውኑ ይቀየራል» አሉና ተነሡ። የአዲሱ ሱሪዬ ነገር በዚያው አለቀ።

ላም አቤቱታ ስለማትጽፍ ሄዶ ቦታዋ ላይ መተኛት የግድ ነው የሚል እምነት ነበራቸው። እውነትም ይተኙ ነበር። በቀትር ይተኛሉ፣ በዝናብ ይተኛሉ፣ ላሚቱ ወደምታይበት ያያሉ። ማታ ቢሮ ሲመለሱ አለቃችን ገና ከበሩ የሱሪያቸውን ጉልበት አይቶ፣ ጋሽ ሞላ ሪፖርትዎ ደርሶናል ይላቸው ነበር። አንዳንዴ የጉልበታቸውን ቀለም አይቶ የትኛው ቀበሌ እንደዋሉ ይገምታል፤ ብዙ ጊዜም ይገጥምለታል።

አቶ አስማረ የሚባሉ የቢቸና ባለጸጋ ነበሩ። ለወተት ላሞቻቸው አዲስ ቤት ሠርተው ጣራውን በሚያብረቀርቅ ቆርቆሮ ከደኑት፤ ግድግዳውን ደግሞ መስኮት አልባ አደረጉት። ምረቃ ብለው ጠሩን። ላሞቹ በቀትር ምላሳቸውን አውጥተው ያለከልካሉ። ጋሽ ሞላ ዙሪያውን ከዞሩ በኋላ፣ ግድግዳው ከላይ ይከፈት፣ ቆርቆሮው ላይ ደግሞ ሣር ይልበስበት አሉ። አቶ አስማረ ፊታቸው ተለዋወጠ። ከሣር ቤት ለመውጣት ስንት ዓመት እንደለፉ፣ አሁን ጎረቤት ሁሉ እያየ ቆርቆሮ ላይ ሣር ጫን መባሉ ስድብ መሆኑን ተናገሩ። ጋሽ ሞላ አልተከራከሩም። በሳምንቱ ግን፣ ምሳ ልጋብዝዎ፣ ቦታው ግን እርስዎ ዘንድ ነው ብለው ላኩባቸው።

ጠረጴዛው የተዘረጋው በዚያው በላሞቹ ቤት ውስጥ ነው። ልክ ሰባት ሰዓት፣ ፀሐይዋ ቆርቆሮው አናት ላይ። ዶሮ ወጥ ቀረበ፤ ሚጥሚጣ ሳይቀር። አቶ አስማረ ኩሩ ሰው ናቸውና ጋቢያቸውን ሳያወልቁ ተቀመጡ። ጋሽ ሞላም ያንኑ ቡናማ ካፖርታቸውን እንደቆለፉ ተቀመጡ። ማን ቀድሞ ያወልቃል ተብሎ የተያዘ ውድድር ይመስል ነበር። መጀመሪያ ጋቢው ወረደ። ቀጥሎ የአቶ አስማረ ላብ ከአገጫቸው እንጀራው ላይ መንጠብጠብ ጀመረ። ሁለተኛውን እንጀራ ስንጨርስ፣ በቀኛቸው የቆመችው ላም ራሷን ዘንበል አድርጋ በአንገታቸው ላይ ተነፈሰች። አቶ አስማረ ብድግ አሉ፤ ከውጭ ሆነው አሽከሮቻቸውን ሣሩ የት እንደሚታጨድ ሲያዙ ሰማናቸው። ጋሽ ሞላ ያን ጊዜ ነው ካፖርታቸውን ያወለቁት፤ ሸሚዛቸው ተጨምቆ የሚጠጣ ነበር።

ካፖርቱን የገዙላቸው እትዬ አለሚቱ ናቸው። ሞጣ ብርዱ ይጎዳዋል ብለው ደብረ ማርቆስ ድረስ ሄደው፣ ሱቅ ለሱቅ ዞረው መረጡት። በውስጥ በኩል በእጃቸው ተጨማሪ ኪስ ሰፉለት። ጋሽ ሞላም ክረምት ከበጋ ከላያቸው አይለዩትም ነበር።

እንግዲህ የሞጣው ነገር። ከሞጣ ከተማ ትንሽ ወጣ ብሎ እትዬ ጥሩወርቅ የሚባሉ ባላቸው የሞቱባቸው ሴት ነበሩ። ቤቱ የቆመው ሻሼ በምትባል አንዲት የፈረንጅ ላም ነው። ሻሼ ሁለት ጊዜ ወልዳ ሁለቱም ጥጆች በሳል ሞተዋል። ጥጃዋ ስትሞት ደግሞ ወተቷን እምቢ ትላለች። ሦስተኛው ከሞተ ላሚቱን ሊሸጧት ነው፤ ከዚያ በኋላ ሁለት ሴት ልጆቻቸውን በምን እንደሚያሳድጉ አያውቁም ነበር።

ጋሽ ሞላ ሰኔ ላይ መጥተው በረቱን ገልብጠው ሠሩት። ከጮቄ ተራራ በኩል ያለውን ግድግዳ ከላሚቱ ቁመት በላይ ድፍን አደረጉት፤ ከሁሉም በላይ፣ ከጣራው ሥር፣ አንድ ክንድ ያህል ዙሪያውን አስከፈቱት። ንፋስ ከራሷ በላይ ይለፍ እንጂ በጎኗ አይለፍ አሉ። ወለሉን ዘቅዘቅ አድርገው ሽንቱ የሚወርድበት ቦይ አወጡለት፤ ደረቅ ጭድ አስነጠፉ። ከዚያ እኔን ሞጣ ትተው፣ ክትትሉን አደራ ሰጥተውኝ ወደ ቢቸና ተመለሱ።

ሻሼ የወለደችው ነሐሴ ላይ፣ በረዶው መሬቱን ነጭ ባለበሰበት ሰሞን ነው። ነጭ ሴት ጥጃ። እትዬ ጥሩወርቅ ሽቅብ ወደዚያ ክፍተት ያያሉ፣ ወደ ጥጃዋ ያያሉ፣ ወደ እኔ ያያሉ። «ወንድሜ፣ አንተም እናት አለህ። ይቺ ሕፃን በዚህ ብርድ ስትንቀጠቀጥ ዝም ብለህ ታያለህ?» አሉኝ።

አላየሁም። ዲግሪዬን ይዤ መሰላል ላይ ወጣሁ። እሳቸው ከሥር ጆንያ ያቀብሉኛል፣ እኔ ከላይ እወትፋለሁ። እኔንም ያሳደገችኝ ንፋስ መታህ እያለች ራሴን በሻሽ የምታስር እናት ናት፤ ትምህርቱ በዚያች ሰዓት ከየት ይምጣ? ለጋሽ ሞላ እንዳንነግር ተስማማን። በሦስተኛው ቀን ጥጃዋ መሳል ጀመረች። እትዬ ጥሩወርቅ እንደተለመደው ንፋስ ነው ብለው የንስሐ አባታቸውን ጠበል እንዲረጩላቸው ላኩባቸው፤ እኔ ፈራሁና ለጋሽ ሞላ ደወልሁ።

በማግሥቱ ረፋድ ላይ ካፖርታቸውን እንደለበሱ መጡ። ጆንያዎቹን ቀና ብለው አዩ። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ቀጥ ብለው ገብተው ጥጃዋ አጠገብ ጋደም አሉ። «ና ተኛ» አሉኝ። ተኛሁ። «እርስዎም ይምጡ፣ እትዬ ጥሩዬ።» እትዬ ጥሩወርቅ ነጠላዬ ነጭ ነው ብለው አመነቱ። ጋሽ ሞላ ጥጃዋን አሳዩአቸውና፣ «እሷም ነጭ ነበረች» አሏቸው። እሳቸውም ተኙ።

ቆሜ ሳለሁ ይህ ነው የሚባል ሽታ አልነበረም። እዚያ ታች፣ ጥጃዋ በምትተነፍስበት ቦታ ግን ዓይኔ ተቃጠለ፤ ጉሮሮዬ ተያዘ። ወትፈን ያስቀረነው ንፋሱን ሳይሆን የሽንቱን ጭስ ነበር። ሦስታችንም ጎን ለጎን ተጋድመን እንባችን በጆሯችን በኩል ይወርዳል። ሻሼ እያመነዠከች በትዕግሥት ትመለከተናለች።

በዚህ መሀል አባ የጠበሉን ዕቃ ይዘው በሩ ላይ ብቅ አሉ። ሦስት ትልልቅ ሰዎች እበት ላይ ተኝተው ሲያለቅሱ አይተው ደረቁ። «ማን ሞተ?» አሉ።

ጋሽ ሞላ ሳይነሡ፣ «ገና ማንም አልሞተም፣ አባ። እንዳይሞት ነው የተኛነው። ዝቅ ይበሉ፣ ቦታ አለ» አሏቸው።

አባ ጋቢያቸውን ሰብሰብ አድርገው አጎነበሱ። ትንሽ ቆዩ። ሲነሡ ጢማቸው እንባ ይዟል። የጠበሉን ዕቃ ለእትዬ ጥሩወርቅ ሰጡና፣ በመቋሚያቸው ጆንያዎቹን አንድ በአንድ እየወጉ ወደ ውጭ መጣል ጀመሩ። እኔ ግማሽ ቀን የፈጀብኝን ሥራ ሰባት ስምንት ጊዜ ወግተው ጨረሱት። በሰንበቱ ከቅዳሴ በኋላ ስለ በረት መስኮት ረጅም ምክር እንደሰጡ ሰማሁ፤ ግማሹ ሕዝብ መጀመሪያ ስለ ኃጢአት የሚናገሩ መስሎት ነበር አሉ።

ጥጃዋ ግን ትንቀጠቀጣለች። ጋሽ ሞላ ካፖርታቸውን አወለቁ። «ከበረዳት እናለብሳታለን እንጂ አናፍናትም» አሉ። የፊት እግሮቿን በእጅጌዎቹ አስገቡ፤ ሆዷ ሥር አንድ በአንድ ቆለፉላት። ሦስት ቀን እዚያው ሰነበቱ። ጭዱን ይቀይራሉ፣ ይተኛሉ፣ ይነሣሉ። በአራተኛው ቀን ፀሐይ ወጣች፤ ጥጃዋ ሳሏን ትታ ጠባች፤ ጠጥታ ስትጨርስም ካፖርቷን እንደለበሰች ከግቢ ወጥታ ወደ ሞጣ መንገድ ፈረጠጠች።

ቀኑ ገበያ ነበር። ካፖርቱ ከኋላዋ መሬት እየጠረገ በገበያተኛው መሀል አለፈች። ጋሽ ሞላ በሸሚዝ ከኋላዋ፣ እኔ ከእሳቸው ኋላ፣ እትዬ ጥሩወርቅ ከእኔ ኋላ እልል እያሉ። አንዲት ሴት አማተበች። አንድ ሽማግሌ ከሩቅ ያዩት ካፖርቱን ብቻ ነበርና ባርኔጣቸውን አንሥተው ሰላምታ ሰጡ። ይህን ያህል የሳቅሁበት ቀን በሕይወቴ የለም።

ካፖርቱ አልተመለሰም። ጋሽ ሞላ እትዬ ጥሩወርቅን፣ ብርዱ ገና ነው፣ ደግሞም ሻሼ ሌላ ትወልዳለች፣ ይቆይልዎ አሏቸው። ቢቸና ስንደርስ እትዬ አለሚቱ በር ላይ ተቀበሉን፤ ባላቸውን በሸሚዝ አዩአቸው።

«ካፖርቱስ?»

«ጥጃ ለበሰችው።»

ጋሽ ሞላ ወደ እኔ ዞረው፣ እስቲ ንገራት አሉ። እኔ ደግሞ ነገሩን ላቀልል ብዬ፣ ካፖርቱማ አልጠፋም፣ ሞጣ አንዲት ባሏ የሞተባት ሴት ቤት ነው ያለው አልሁ። ጋሽ ሞላ ዓይናቸውን ጨፈኑ። ቃሉ ከአፌ ከወጣ በኋላ ጥጃዋን፣ በረዶውን፣ አባን፣ ሁሉንም አንድ በአንድ አስረዳሁ። እትዬ አለሚቱ እስኪያልቅ ሰሙኝና፣ አንተም የእሱ ተማሪ ነህ አሉኝ።

ከዚያ በኋላ ጠብ የለ፣ ኩርፊያ የለ። እራት ይቀርባል፣ ሱሪው ይታጠባል። ጋሽ ሞላ ወደ ሞጣ ሲነሡ ብቻ እትዬ አለሚቱ ከበሩ ሆነው፣ «ካፖርትህን ሰላም በልልኝ» ይሏቸዋል። ጋሽ ሞላ ይስቃሉ። አውቶቡስ ላይ ሲቀመጡ ግን ሳቃቸው ይጠፋል። አንድ ጊዜ፣ ካፖርቱን አምጥተው ለምን አያሳዩአቸውም፣ የጥጃዋ ጸጉር ይመሰክራል አልኋቸው። እንዲህ ብለው መለሱልኝ። «ካመጣሁትማ የምታምነው ካፖርቱን ነው። እኔ እኔን እንድታምነኝ ነው የምፈልገው።» ይህን ብለው መስኮቱን ከፈቱ፤ መንገደኛው ሁሉ ጮኸባቸው፤ ዘጉት። ያን ቀን በጣም አሳዘኑኝ።

ከዚያ እኔ ወደ ሌላ ቦታ ተዛወርሁ። እሳቸው ጡረታ ወጡ። አሁን ደግሞ አረፉ።

ደጀን ወርጄ በሌላ መኪና ቢቸና ገባሁ፤ ቀበርናቸው። አቶ አስማረ ሳይቀሩ አለቀሱ። በሠልስቱ ድንኳኑ ጢም ብሎ ሳለ አንዲት ሴት በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር ታቅፈው ገቡ። ጸጉራቸው ሸብቷል እንጂ አወቅኋቸው፤ እትዬ ጥሩወርቅ ናቸው። አለቀሱ፤ ቀጥሎ የጋሽ ሞላ ባለቤት የትኛዋ ናቸው ብለው ጠየቁ። የካፖርቱን ወሬ የማያውቅ የቢቸና ሰው የለምና የድንኳኑ ሰው ዓይን ሁሉ ወደ እትዬ አለሚቱ ዞረ። እኔ መሬት ብትከፈት ደስ ይለኝ ነበር።

እትዬ ጥሩወርቅ ሄደው እትዬ አለሚቱ ጉልበት ላይ ጥቅሉን አኖሩት። «እኅቴ፣ ይኸው አምጥቻለሁ። ሰባት ጥጃ ለብሶታል። አንዱም አልሞተብኝ» አሉ።

እትዬ አለሚቱ ጥቅሉን ፈቱ። አንዱ እጅጌ እስከ ክርኑ ታኝኳል። ቁልፎቹ ግማሹ የሉም። በእጃቸው የሰፉት ኪስ ውስጥ ጣታቸውን አስገቡና ነጭ ጸጉር አወጡ። ከዚያ ካፖርቱን ወደ አፍንጫቸው አስጠጉት። ትከሻቸው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ሴቶቹ ሊደግፏቸው ተነሡ፤ ቀና ሲሉ ግን እየሳቁ ነበር። እንባቸው በሳቃቸው ላይ ይወርዳል። «ጥጃ ለበሰችው ብሎኝ ነበር» አሉ። «ነግሮኝ ነበር እኮ።»

ተነሥተው ወደ መኝታ ቤቱ ገቡ። እንጨት ሲንቋቋ ሰማን፤ አንዴ፣ ሁለቴ፤ ከዚያ ስንት ዓመት ያልተነካው መስኮት ተላቀቀ። ከድንኳኑ አንዷ፣ ኧረ ንፋስ ይመታሻል አለቻቸው። «ይምታኝ» ብለው መለሱ። በዚያ መስኮት አጠገብ ተቀምጠው የካፖርቱን ቁልፎች አንድ በአንድ ሲተክሉ ዋሉ። ማታ ለእትዬ ጥሩወርቅ መልሰው ሰጧቸው። የሻሼ ልጅ ልትወልድ እንደደረሰች ሰምተው ነበር።

እኔ በማግሥቱ እትዬ ጥሩወርቅን ልሸኝ አብሬያቸው ወደ ሞጣ ተሳፈርሁ። እትዬ አለሚቱ መኪናው ድረስ መጥተው፣ «ጥጃዋን ሰላም በሉልኝ» አሉን። ተነሣን። መስኮቱ ሁሉ እንደ ወጉ ጥርቅም ብሏል። እትዬ ጥሩወርቅ ካፖርቱን ጉልበታቸው ላይ ዘርግተውታል። ደብረ ወርቅ ሳንደርስ ከፊት የተቀመጠ ሰውዬ ዞር ዞር አለ። ጎኑ ያለችው ነጠላዋን አፍንጫዋ ላይ አደረገች። ከኋላ ደግሞ አንድ ሰው፣ ምንድን ነው እንዲህ የሚሸተው፣ ኧረ መስኮቱን ክፈቱት አለ።

ከፈቱት። አንዱ ከፈተ፣ ሌላው ከፈተ፣ ረዳቱም የበሩን መስተዋት አወረደ። እትዬ ጥሩወርቅና እኔ ተያየንና በሳቅ ፈረስን። እስከ ሞጣ ድረስ መስኮቱ ሁሉ ተከፍቶ ሄድን፤ ማንንም ንፋስ አልመታውም።